የኮሌራ መርዝ አንጀት አይቦጫጭቅም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ ኮሌራ መርዝና ስለ ሰው ፕሮቲን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ሥዕሉ ግሩም ነው። ከሥሩ የተጻፈው ግን አናደደኝ። «መርዙ ሴሉ ውስጥ ከገባ በኋላ የአንጀትን ግድግዳ ቦጫጭቆ ያፈርሰዋል» ይላል። ሐሰት ነው። የኮሌራ መርዝ አንጀት አይቦጫጭቅም፣ አያፈርስም፣ አያቆስልም።

«ለአንድ ዓረፍተ ነገር ይሄን ያህል?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ይሄን ያህል! እኔ ነርስ ነኝ። የኮሌራ ድንኳን ውስጥ ሠርቻለሁ። እንዲህ ያለ ወሬ ሕመምተኛው አልጋ ድረስ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ግን የራሳችሁን ሥዕል እንመልከት። ሥዕሉ የሚያሳየው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ነው። ሲያትል ካለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እነ ክሌር ኦኒል እና ዊም ሆል፣ ከኮሎራዶ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የሠሩት ነው። የመርዙን ኢንዛይም ክፍል ኤአርኤፍ6 ከሚባል የሰው ፕሮቲን ጋር አጣምረው ክሪስታል አደረጉት፤ ከዚያ በኤክስሬይ ቅርጹን አወጡ። ኤአርኤፍ6 የበሽታ ፕሮቲን አይደለም። ሴላችን ውስጥ ዕቃ የሚያመላልሱ ትንንሽ ከረጢቶችን ጉዞ ከሚመሩት አንዱ ነው። ኢንዛይሙ ብቻውን ሲሆን የሚሠራበት ኪስ እንደልብ ክፍት አይደለም። ኤአርኤፍ6 ጂቲፒ የተባለውን ሞለኪውል ተሸክሞ ሲጣበቅበት የኢንዛይሙ እጥፋቶች ቦታቸውን ይቀይራሉ። ያኔ ኪሱ ይከፈትና ኤንኤዲ የተባለው ሞለኪውል መግቢያ ያገኛል። የሚያስደንቀው፣ ኤአርኤፍ6 የሚጣበቀው ኪሱ አጠገብ ሳይሆን ራቅ ብሎ ነው። የባክቴሪያውን ኢንዛይም የሚያነቃው የእኛው ፕሮቲን ነው ማለት ነው! መርዙ እንዲህ ያለ አጋዥ እንደሚፈልግ ካን እና ጊልማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 አሳይተው ነበር። በ2005 የታየው «እንዴት?» የሚለው ነው። ጽሑፋችሁ ይህን «እንዴት» በሁለት መስመር ዘሎ ወደ መቦጫጨቅ ሄደ።

የነቃው ኢንዛይም ምን ያደርጋል? ከኤንኤዲ ቁራጭ ወስዶ ጂኤስ በሚባል ሌላ የሰው ፕሮቲን ላይ ይለጥፋል። ጂኤስ እንደበራ ይቀራል። ሴሉ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባል መልእክተኛ ሞለኪውል ይበዛል፣ ክሎራይድ የሚወጣበት በር ይከፈታል፣ ሶዲየምና ውሃ ይከተላሉ። እጀታው ተሰብሮ ክፍት የቀረ ቧንቧ በሉት። ከባድ ሕመምተኛ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊወጣው ይችላል። ድንኳናችን ውስጥ አልጋው መሐሉ ቀዳዳ ነው፤ ከሥሩ ባልዲ አለ፤ ባልዲው ላይ የሊትር ምልክት አለ። የሩዝ ውሃ የሚመስለው ፈሳሽ ከምልክት ወደ ምልክት ሲወጣ ቆማችሁ ታያላችሁ። ያ ሁሉ ሲሆን የአንጀቱ ሽፋን ደህና ነው።

ጸሐፊያችሁ የደገሙት ስህተት አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ሐኪሞች አስከሬን ሲመረምሩ የአንጀት ሽፋን ተልጦ አገኙና «ኮሌራ ነው የላጠው» አሉ። መላጡ ግን ከሞት በኋላ የመጣ ነበር። ዩጂን ጋንጋሮሳና ባልደረቦቹ ታይላንድ ውስጥ በሕይወት ካሉ ሕመምተኞች አንጀት ናሙና ወስደው ሽፋኑ እንዳልተላጠ አረጋገጡ። ያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬ እናንተ መልሳችሁ ታትሙታላችሁ! የሚያርም ሰው ዝግጅት ክፍላችሁ ውስጥ የለም ወይ?

ይህ ለምን ያንገበግበኛል? አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ኦአርኤሱን፣ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን የጨውና የስኳር ዱቄት፣ በጥብጣ አላጠጣችውም። ፓኬቱ ሳይከፈት በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሯል። «አንጀቱ ተቦጫጭቋል ሲሉ ሰማሁ፣ ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው» አለችኝ። የልጁ ዓይን ጎድጉዷል። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው እንደተሸበሸበ ቀረ። በደም ሥሩ ፈሳሽ ሰጥተን ተረፈ። እሷ ጥፋት የለባትም። የሰማችውን ነው ያደረገችው። አንጀቱ የቆሰለ ልጅ ላይ ጨውና ስኳር የምታፈስ እናት ማን አለች?

ኦአርኤስ የሚሠራው አንጀት ስላልፈረሰ ነው። ሽፋኑ ላይ ሶዲየምንና ግሉኮስን አንድ ላይ የሚያስገባ በር አለ፤ ውሃም አብሮ ይገባል። መርዙ ይህን በር አይነካውም። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ሕንድ ድንበር ላይ ቦንጋኦን በሚባል ቦታ ለስደተኞች ጨውና ግሉኮስ በውሃ እየበጠበጡ በአፍ ሰጡ። ከ30 በመቶ ገደማ የነበረው ሞት ወደ 4 በመቶ ገደማ ወረደ። በተቦጫጨቀ አንጀት ይህ ይሆን ነበር?

ሌላም ቅር ያለኝ አለ። ጽሑፉ ስለ ሲያትል ብዙ አወራ። ስለ እኛ «በድሃ አገሮች አሁንም ይታያል» ብሎ በአንድ መስመር አለፈ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከባሌ የጀመረው ወረርሽኝ ወደ ብዙ ክልሎች ተዛምቶ ነበር። እዚያ ሌሊት የሠሩ ነርሶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ባልዲ የሚያጥቡ የጽዳት ሠራተኞች አሉ። ስልካችን ቅርብ ነው። አንዳችንን ብትጠይቁ ኖሮ ያቺ ዓረፍተ ነገር ሳትወጣ ትቀር ነበር።

የምጠይቀው ግልጽ ነው። እርማቱ በዚያው ዓምድ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይውጣ። ከሥሩም ይህን ጻፉ፦ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጥበጥ። ፓኬት ከሌለ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ውሃ ይሁን። ቢያስመልሰውም ጥቂት ቆይቶ ትንሽ በትንሽ ይጠጣ። ወደ ጤና ጣቢያ በሚወስደው መንገድ ላይም ማጠጣቱ አይቋረጥ። ክረምቱ ሳይገባ ይድረስልን።

አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ