እርም ያልወጣላቸው፦ የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የታሪክ ክበባችን ዘንድሮ 14 አባላት ነበሩት፤ የሚሰበሰበውም ቅዳሜ ቅዳሜ ከአማርኛ ትምህርት በኋላ ነበር። ባለፉት ዓመታት በየሳምንቱ ርእስ እየቀያየርን ብዙ ጀምረን ጥቂት ይዘን እንወጣ ስለነበር፣ በዚህ ዓመት በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ እንድንቆይ ተስማማን። የመረጥነውም እዚሁ ኦታዋ፣ የሶመርሴትና የፕሬስተን ጎዳናዎች በሚገናኙበት ጥግ ላይ የቆመውን፣ ሁላችንም በአውቶቡስ ስናልፍ የምናየውን፣ ነገር ግን ቀርበነው የማናውቀውን፣ ሕፃን ታቅፋ የምትሸሽ እናት የነሐስ ሐውልት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐውልቱን በ1995 ያቆመው የከተማዋ የቬትናማውያን ማኅበረሰብ ሲሆን፣ ቀራፂውም ፋም ቴ ትሩንግ ነው። የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን ኤፕሪል 30 ቀን 1975 በኮሚኒስቱ ሰሜን ቬትናም ጦር እጅ ከወደቀች ድፍን 20 ዓመት ሆኖ ነበር። በእነዚያ 20 ዓመታት ውስጥ ወደ 800,000 የሚጠጉ ሰዎች በጀልባ ከቬትናም ወጥተው ማሌዥያ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ታይላንድ፣ ሆንግ ኮንግ፣ ፊሊፒንስና ሌሎችም የባሕር ዳርቻዎች ደርሰዋል። ይህ ግን ምድር የረገጡት ቁጥር ነው። በማዕበል፣ በውኃ ጥምና በባሕር ወንበዴ እጅ መንገድ ላይ ያለቁትን አንድ በአንድ የመዘገበ የለም፤ ሐውልቱም የቆመው ለእነርሱ ነው።

በጃንዋሪ አንድ ቅዳሜ ወደ ስፍራው ወረድን። ከአባላቱ አንዷ በድንጋዩ ላይ የተጋገረውን በረዶ በጓንቷ ጠርጋ፣ መታሰቢያነቱ ነፃነት ፍለጋ ወጥተው ሕይወታቸውን ላጡት መሆኑን የሚናገረውን ጽሑፍ ለጓደኞቿ አነበበችላቸው። ቀጥላም «ከሥሩ የተቀበረ ሰው ከሌለ ለምን እዚህ መጥተው ያለቅሳሉ?» ብላ ጠየቀች። የዓመቱን ሥራችንን የመራው ይህ ጥያቄ ነው። እዚያው ብርዱ ላይ ቆመን መልስ ለመስጠት አልደፈርኩም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን «እርም ማውጣት» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ትርጉሙን ከወላጆቹ ጠይቆ እንዲመጣ አደረግሁ። የዘመድ መርዶ ከሩቅ አገር ሲመጣ ሬሳ ሳይኖር ድንኳን እንደሚተከል፣ ፎቶግራፍ በመሐል ተቀምጦ እንደሚለቀስና እርሙ ያልወጣለት ሰው ነገር ከቤተሰቡ አንጀት እንደማይወጣ ሰምተው መጡ። ከዚያ በኋላ ሐውልቱን እኔ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

በማርች በጀልባ ከወጡት አንዲት ቬትናማዊት እናት ጥሪያችንን አክብረው መጡ፤ ልጆቹም «እማማ» ብለው ተቀበሏቸው። ማሌዥያ ውስጥ ባለችው በፑላው ቢዶንግ ደሴት ቆይተው ነበር፤ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በምትሆነው በዚያች ደሴት በ1979 እስከ 40,000 ስደተኛ ተጨናንቆ ይኖር ነበር። ጀልባው ላይ ውኃ የሚታደለው በጠርሙስ ክዳን እንደነበር ሲነግሩን፣ ክዳን አምጥተን ውኃ ሞላንበት፤ እያንዳንዱ ልጅም በመዳፉ ይዞ ተመለከተው። ታናሽ ወንድማቸው በሌላ ጀልባ ተከትሏቸው ወጥቶ የትም አልደረሰም። በባህላቸው የሙት ዓመት በየዓመቱ ዕጣን ታጥኖ፣ ምግብ ቀርቦ ይታሰባል፤ ወንድማቸው የሞተበትን ቀን ስለማያውቁ ግን ከቤት የወጣበትን ቀን ሙት ዓመቱ አድርገው ይዘውታል። ቃላቸውን በስልክ ስንቀዳ ነበርና ማጠራቀሚያው ሞልቶ ከግማሽ በላይ ሳይቀዳ ቀረ። እንዲህ ያለውን ነገር እንደገና ይንገሩን ማለት ተገቢ መስሎ ስላልታየኝ፣ ልጆቹ በዚያው ዕለት የሚያስታውሱትን ጽፈው እርስ በርስ እንዲያስተያዩ አደረግሁ።

ከማኅደር ያገኘነው ደግሞ ለእኛ ቤትም የሚተርፍ ነው። በ1979 የኦታዋ ከንቲባ የነበሩት ማሪየን ዱዋር ከተማቸው 4,000 ስደተኞችን እንድትቀበል ሕዝቡን አስተባበሩ፤ ካናዳ በ1979 እና በ1980 ከተቀበለቻቸው 60,000 ያህል የኢንዶቻይና (የቬትናም፣ የካምቦዲያና የላኦስ) ስደተኞች ከግማሽ የሚበልጡትን ስፖንሰር ያደረጓቸው መንግሥት ሳይሆን ቤተ ክርስቲያኖች፣ ጎረቤታሞችና የወዳጆች ቡድኖች ነበሩ። በ1986ም የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ስደተኞችን ለረዱ የሚሰጠው የናንሰን ሜዳልያ ለካናዳ ሕዝብ ተሰጠ። በዚያን ጊዜ በስፋት የተከፈተው የስፖንሰር በር ሳይዘጋ ቆይቶ፣ ከሱዳን መጠለያዎች ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስገብቷል። ከተማሪዎቻችን መካከል የሦስቱ ወላጆች የመጡት በዚሁ መንገድ መሆኑን ልጆቹ ያወቁት ዘንድሮ ነው።

ብርቱ ክርክር የተነሣው ግን በኢንዶኔዥያዋ የጋላንግ ደሴት ጉዳይ ላይ ነው። በ2005 የቀድሞ ስደተኞች ወደ አሮጌው መጠለያቸው ተመልሰው የመታሰቢያ ጽሑፍ አቆሙ፤ በአንድ ገጹ ሙታንን አሰቡበት፣ በሌላው ያስጠጓቸውን አመሰገኑበት። የቬትናም መንግሥት ቅሬታ በማቅረቡ ግን በዚያው ዓመት ተነሣ። ከአባላቱ ገሚሱ «ባለ አገሩ ለጎረቤቱ ሊያስብ ይችላል» ሲል፣ ሌላው «ምስጋናውስ ምን አጠፋ?» አለ። እኔ በግልጽ ከሁለተኞቹ ጋር ነበርኩ። ማኅበረሰቡ በሚኖርበት ከተማ፣ በራሱ ገንዘብና ድካም ያቆመው መታሰቢያ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የተገለጠልን ያን ዕለት ነው።

በቬትናማውያኑ የኤፕሪል 30 መታሰቢያ ላይ አበባ ይዘን ተገኝተናል። ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ክበቡ በሱዳን በረሃ፣ በቀይ ባሕርና በሜዲትራኒያን መንገድ የቀሩትን የቤተሰቦቻችንን ሰዎች ስም መመዝገብ ጀምሯል፤ እስካሁን 11 ስሞች ተጽፈዋል። መዝገቡ ከክበቡ ጸሐፊ ዘንድ ስለሆነ ማስመዝገብ የምትፈልጉ ወላጆች የሟቹን ስም፣ የትውልድ ስፍራውንና ከቤት የወጣበትን ቀን ጽፋችሁ በልጆቻችሁ እጅ ላኩልን፤ የሞተበትን ቀን ባታውቁም እንቀበላለን።