ለአባባ፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሶቿ ሁለቱም ወልቀው "አባባ"ን እንኳ በፉጨት ነው የምትለው። ትልቁ ፊደል ጀምሯል፣ "ሀ"ና "ሐ" ለምን ሁለት እንደሆኑ እየጠየቀ አስቸግሮኛል። ፎቷቸውን ለኤርሚያስ ልኬለታለሁ፣ ያሳይዎት።

አስቀድሜ የዓይን ጠብታውን ነገር ልናገር። ቲሞሎሉ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ጠብታ ነው፤ ሁለት ቢያደርጉት ትርፉ ጉንጭዎ ላይ ይፈስሳል እንጂ አይጨምርም። ከጠብታው በኋላ ዓይንዎን ጨፍነው በአፍንጫዎ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣትዎ ሁለት ደቂቃ ይጫኑት። ካልተጫኑት መድኃኒቱ በእንባ መውረጃው አልፎ ደም ውስጥ ይገባና የልብ ምት ያዘገያል። ባለፈው "ድካም ድካም ይለኛል" ያሉት አላስተኛኝም። ኤርሚያስ የልብ ምትዎን ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠርልኝ፤ ከ50 በታች ከሆነ ሳያድር ሐኪም ይይዎት። ሌላኛውን ጠብታ ለመጨመር አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። ደግሞ አላመመኝም ብለው እንዳያቋርጡት፤ ግላኮማ ሳያም ነው ዓይን የሚያጠፋው።

ወደዚያ ማታ ልመለስ። በስልክ የሠራተኛ ማኅበር ካርድ መፈረሜን ስነግርዎት፣ "ያስተማርንሽ ለአድማ ነው? ሐኪም ደመወዝ ይቆጥራል?" ብለው ዘጉት። መልሼ ብደውል አላነሱም። በቃል ያላስጨረሱኝን በወረቀት ልጨርሰው።

ማኅበር ሲባል ምን እንደሚታይዎት አውቃለሁ። ግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎቹ ሥራ ሲያቆሙ ስንቱ እንደታሰረ እዚያው ሆነው ሰምተዋል። አዋጅ 1156/2011ም ሆስፒታልን አድማ ከማይደረግባቸው ቦታዎች ጋር ነው የቆጠረው። እዚህ አሜሪካ ግን ሬዚደንት፣ ማለት ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም፣ በሕግ ሠራተኛ ነው። ይህም በነፃ አልተገኘም፦ እ.ኤ.አ. በ1976 የሠራተኛ ግንኙነት ቦርዱ "ሬዚደንት ተማሪ ነው" ብሎ በሩን ዘጋው፣ በ1999 ራሱ ሻረው። መካከል ላይ ሃያ ሦስት ዓመት አለ።

ደመወዝ መቁጠር ላሉት፣ እንቁጠር። የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት በዓመት 65 ሺህ ዶላር ቢከፈላት በሳምንት 1,250 ነው። 80 ሰዓት በምትሠራበት ሳምንት ለ80 ሲካፈል 15 ዶላር ከ62 ሳንቲም ይመጣል። ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 በሕግ የተወሰነው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ እንኳ 17 ዶላር ከ95 ነበር። ብቻዋን ልደራደር ብትል ደግሞ ምደባው አያስችላትም፦ ተማሪው ሆስፒታሎቹን በምርጫ ቅደም ተከተል ይጽፋል፣ ሆስፒታሎቹም ተማሪዎቹን፣ ኮምፒውተር ያጣምራቸዋል። ከተጣመሩ በኋላ ቃል ኪዳን ነው። ደመወዙም አስቀድሞ የተጻፈ ነው። አንድ ሰው የሚያንኳኳው በር ስለሌለ ነው ብዙ ሰው አንድ ላይ የሚያንኳኳው።

የሰዓቱ ጉዳይ ከገንዘቡ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1984 ሊቢ ዛየን የምትባል የ18 ዓመት ልጅ ኒው ዮርክ ሆስፒታል በገባች በሰዓታት ውስጥ ሞተች፤ ያዩዋት ሐኪሞች ብዙ በሽተኛ የያዙ ሠልጣኞች ነበሩ። ከዚያ ክርክር ነው የ80 ሰዓቱ ጣሪያ የወጣው፣ በ1989 በኒው ዮርክ፣ በ2003 በመላ አገሪቱ። ግን 80ው የአራት ሳምንት አማካይ ነው። አንዱ ሳምንት 100፣ ሌላው 60 ቢሆን ሕጉ አልተጣሰም። ዲውቲውም 24 ሰዓት ሆኖ ርክክብ ለማድረግ እስከ አራት ሰዓት ይጨመርበታል። እርስዎ ዲውቲ ያውቃሉ፣ ስለዚህ አንዷን ነገር በቅርብ ልንገርዎት። በደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ወደ 2.9 የወረደ በሽተኛ ማታ መድኃኒት ይታዘዝለታል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ደሙ ዳግም መታየት አለበት። ሐኪሟ ይህን በርክክብ ወረቀቱ ላይ "ፖታሲየም ተሰጥቷል" ብላ ትጽፋለች፤ "ዳግም ይታይ" የሚለው ይቀርባታል። ተቀባዩ የሰጠችውን አይቶ ያልፋል። ማንም አልሰነፈም፤ 26ኛው ሰዓት ላይ መጀመሪያ የሚጠፋው ወደፊት የሚደረገውን ማስታወስ ነው። ስለዚህ በድርድሩ የሚጠየቀው ደመወዝ ብቻ አይደለም። ደም የሚቀዳ የሌሊት ሠራተኛ፣ ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ የሚረካከብበት ሰዓት፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ቤት የሚያደርስ ታክሲ ይጠየቃል። በመሪው ላይ ተኝተው ከመንገድ የወጡ አሉ።

ካርዱም እርስዎ እንዳሰቡት የሚስጥር ወረቀት አይደለም። ማኅበሩ እንዲወክለኝ እፈቅዳለሁ የሚል ነው። ከሬዚደንቶቹ 30 በመቶ ከፈረሙ ለቦርዱ ማመልከት ይቻላል፣ አስተዋይ አደራጅ ግን ከ60 በታች ይዞ አይሄድም፤ አስተዳደሩ ስብሰባ መጥራት ሲጀምር ጥቂቱ ይሸሻልና። ምርጫው በምስጢር ነው፤ ድምፅ ከሰጡት ከግማሽ በላይ ይበቃል። በሽተኛ ባለበት ክፍል ስለ ካርዱ ማውራት ሊከለከል ይችላል፣ በካፍቴሪያና በማረፊያ ክፍል በእረፍት ሰዓት ግን አይከለከልም። በሆስፒታሉ ኢሜይል መላክ ሞኝነት ነው። ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሰው በዛቻ ሳይሆን በቀን መቁጠሪያ ነው፦ በየሰኔው ሦስተኛ ዓመቶቹ ይመረቃሉ፣ በሐምሌ ካርድ ያላዩ አዲሶች ይገባሉ። በጸደይ የተጀመረ ፊርማ ሳይደርስ ባለቤቶቹ ይሄዳሉ። የመጀመሪያው የኅብረት ስምምነትም ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል።

አድማ ከመጣ ሕጉ የአሥር ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ያስገድዳል፣ ለአሠሪውም ለመንግሥት አስታራቂዎችም። በአሥሩ ቀን ሆስፒታሉ ቀን ሊቆረጥላቸው የሚችሉ ቀዶ ሕክምናዎችን ያዛውራል፣ ስፔሻሊስቶቹ ዎርዱንና ድንገተኛውን ይረከባሉ። በሽተኛ ሜዳ ላይ አይጣልም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ኤልምኸርስት ሆስፒታል፣ ያ ኮቪድ የጨረሰው ሰፈር፣ 160 ያህል ሬዚደንቶች ሦስት ቀን ቆመው በሦስት ዓመት 18 በመቶ ጭማሪ ይዘው ተመለሱ። ከእነርሱም ብዙዎቹ እንደ እኔ ከውጭ ተምረው የመጡ ናቸው።

ማኅበሩ ቪዛዬን እንዳያሳጣኝ የጠየቁት ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ አልዋሽዎትም። ሕጉ ጄ-1 የሚባለው የሥልጠና ቪዛ ያለውንም ይጠብቃል፤ ስለተደራጁ ማባረር ክልክል ነው። ነገር ግን ቪዛው ከሥልጠናው ጋር የታሰረ ነው፣ ሥልጠናውን የጨረሰ ሰው ለመሄጃ 30 ቀን ሲኖረው፣ የተባረረ ያንን እንኳ የለውም፤ ቦርዱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 አብዛኛውን ጊዜ ምልአተ ጉባኤ ሳይኖረው ነው የከረመው። ስለዚህ እኔ በስምምነቱ ውስጥ ከሁሉ አስበልጬ የምፈልገው "ያለ በቂ ምክንያት አይባረርም" የሚለውን አንቀጽና በገለልተኛ ዳኛ የሚታይ የቅሬታ ሥርዓት ነው። ያ ከሌለ በየዓመቱ ውል ሲታደስ አንገት ደፍቶ መጠበቅ ነው።

አባባ፣ አንድ ነገር ሃያ ዓመት ይዤ ቆይቻለሁ። ጥቅምት 1998፣ ጋሽ ንጉሤ የተወሰዱ ሰሞን፣ እትዬ ዘነበች በራችን ላይ ቆመው ሲያንኳኩ አረንጓዴውን መጋረጃ የሳቡት እርስዎ ነዎት። እኔ ወለሉ ላይ ነበርኩ፣ በበሩ ሥር ጫማቸው ይታየኛል፤ አንዱ ማሰሪያው ተበጥሶ በሲባጎ ታስሮ ነበር። ቆይተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ቡና ጠጥተው አያውቁም። እማዬም እርስዎም ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተናገራችሁም። ልጆች ይዘው እንደፈሩ ዛሬ እኔም ልጆች ይዤ ገብቶኛል። ቂሙ ግን አልወጣልኝም። ስልኩን ሲዘጉብኝ የመጣብኝ ያ መጋረጃ ነው።

እንግዲህ ያልጨረስኩት ይህ ነው፦ እኔ ካርድ የፈረምኩ ብቻ አይደለሁም፣ ከተደራዳሪዎቹ አንዷ ነኝ። የአሥር ቀኑ ማስታወቂያ ሰኞ ገብቷል። ከፈረሙት ስሞች አራተኛው የእኔ ነው፣ ከነአባቴ ስም፣ የእርስዎ ስም። ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው። ለገናም የምመጣ አይመስለኝም።

እሁድ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በእናንተ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ኤርሚያስ ምትዎን ቆጥሮ ቁጥሩን ይዞ ይጠብቀኝ። እርስዎም ያንሱት።

ልጅዎ
ታኅሣሥ 2018