ይድረስ ሸረሪት ለሚፈራው ወዳጄ

ወንድምዓለም፣ እንዴት ከርመሃል? እማማስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አራት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ ድንገት ብቅ ስል «ምን ነካው?» ማለትህ አይቀርም። የነካኝ ሸረሪት ነው። አትሳቅ፣ የምሬን ነው።

አራት ኪሎ ዶርም ሳለን ጥፍር የማታክል ሸረሪት ከኮርኒስ ስትወርድ አይተህ ከነጫማህ አልጋዬ ላይ የወጣህበትን ሌሊት ታስታውሳለህ? እንግዲህ አሁን ሳሎኔ ውስጥ መዳፍ የምታክል ጸጉራም ታራንቱላ አለች። ስሟ ሽሮ ነው። ስሙን ያወጣችላት ልጄ ናት፤ መልኳ ሽሮ ዱቄት ይመስላል ብላ።

ነገሩ የጀመረው ዴንቨር አጠገብ፣ ዌስትሚንስተር ባለው በተርፍላይ ፓቪሊዮን ነው። እዚያ ሮዚ የምትባል ታራንቱላ አለች፤ ጎብኚ እጁ ላይ ያስቀምጣታል። ልጄም ያዘቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ሌላ ወሬ ጠፋ። ባለቤቴ «እሷ ከገባች እኔ እወጣለሁ» አለች። ሽሮ ገባች። ባለቤቴም አልወጣችም።

ሽሮ እንደ ሮዚ የቺሊ ዘር ናት። ሻጩ «ረጋ ያለች ናት፣ ለጀማሪ ትሆናለች» ብሎ ሰጠን። አልዋሸም፤ ቀኑን ሙሉ ንቅንቅ አትልም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ርጋታዋን እንደ መላመድ ቆጠርኩት። ሁለት ወር ፌንጣ ስወረውርላት ቆየሁና «አወቀችኝ» አልኩ። አንድ ማታ የውሃ ዕቃዋን ላነሳ እጄን ከኋላዋ ሰደድኩ። ብድግ ብላ ቂጧን ወደ እኔ አዞረችና በኋላ እግሮቿ ሆዷን ፈተግ ፈተግ አደረገች። መብራቱ ሥር ብናኝ ነገር ብልጭ አለ፣ በቃ። ትንሽ ቆይቶ ክንዴ ሳማ እንደ ለበለበው ነደደ። ሦስት ቀን ሙሉ ሳክ ከረምኩ። ሆዷ ላይ ያለው ደቃቅ ጸጉር ለካ እሾሃም ነው፤ ቆዳ ላይ ይሰካል። ማሸት ያባብሰዋል። በስኮች ቴፕ እየለጠፉ መንቀልና መታጠብ ነው። ዓይን ከገባ ግን ቀልድ የለም። እንግሊዝ አገር አንድ ሰውዬ የራሱን ታራንቱላ ሳጥን ሲያጸዳ ጸጉሯን ዓይኑ ውስጥ በተነችበትና በ2009 ሐኪም ዘንድ ሄደ። በማጉያ ሲያዩት ጸጉሮቹ ዓይኑ ላይ ተሰክተው ተገኙ። የሱም የቺሊ ዘር ነበረች፣ ያቺው «ረጋ ያለች» የምትባለው።

ሰው ይህን ሲሰማ «ክፉ ናት» ይላል። እኔ አልልም። ፈሪ ናት። መጀመሪያ ትሸሻለች። መሸሻ ስታጣ ጸጉር ትበትናለች። ካልተዋት የፊት እግሮቿን ሽቅብ አንስታ፣ ወደ ኋላ ለጠጥ ብላ የመርዝ ጥርሶቿን ታሳያለች። መንከስ የመጨረሻዋ ነው፤ ያኔም መርዝ ሳትለቅ የምትነክስበት ጊዜ አለ። እኔ ግን ያን ቀን ስልክ ላይ የጮህኩብህ መጀመሪያ ነክሼ ነው። ሥራ አጥቼ ነበር፤ አንተ ደግሞ ሳታውቅ ስለ ሥራ ጠየቅከኝ። ይቅር በለኝ።

ሁሉም እንደ ሽሮ አይደሉም ታዲያ። የሚያሳክክ ጸጉር ያላቸው የአሜሪካ አህጉር ዘሮች ናቸው። የአፍሪካና የእስያዎቹ ይህ የላቸውም፤ ፈጣን ናቸው፣ ጥርስ ለማሳየትም አይዘገዩም። ጎረቤታችን ኬንያ፣ እስከ ታንዛኒያ ድረስ፣ ጉድጓድ ቆፍራ የምትኖር ትልቅ ቡናማ ዘር አለች። ስትቆጣ እግሮቿን እያፋተገች እንደ እባብ ትተነፍሳለች። የሕንድና የስሪላንካ ዛፍ ላይ ነዋሪዎች ደግሞ ከነከሱ ጡንቻ ለቀናት ይኮማተራል። ሻጩ አንዷን ሊያሳየኝ ክዳኑን ሲነካ «ግድ የለም፣ ይቅርብኝ» ብዬ ወጣሁ።

ሽሮን አሁን እጃችን ላይ አናወጣትም። ለኛ ብቻ ብለን አይደለም። ከወገብ ከፍታ ብትወድቅ ሆዷ ሊፈነዳ ይችላል። ውሃዋን የምቀይረው በረጅም መቆንጠጫ ነው። አንዳንዴ ወራት ምግብ እምቢ ትላለች። አንድ ጠዋት በጀርባዋ ተንጋላ አገኘናት። ባለቤቴ «እሰይ፣ ተገላገልን» አለች። ለካ ቆዳ እየቀየረች ነው! ማታ ላይ አሮጌው ቆዳዋ እንደወለቀ ካልሲ አጠገቧ ተጋድሟል። ደግሞ ሴቶቹ ሃያ ዓመት የሚያልፉ ናቸው፤ ልጄ ተድራ ብትወጣ ሽሮ ለኛ ናት።

ባለፈው መስከረም ወደ ላ ሁንታ ወረድን። ከኛ ሦስት ሰዓት ያህል ያስነዳል። በዚያ ወቅት የዱር ታራንቱላ ወንዶች ሴት ፍለጋ ሜዳውን ያቋርጣሉ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንዱ አስፋልቱን ሲሻገር አየንና መኪና አቆምኩ። ልጄ የስልኳን መብራት አብርታ ጠጋ አለች። እግሮቹን አንስቶ ቀጥ አለ። «አጥፊው» አልኳት። አጠፋችና ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን። ቀስ ብሎ አንድ እግር አወረደ፣ ከዚያ ሌላውን። እንደ ገና መንገዱን ቀጠለና ሣሩ ውስጥ ገባ።

ስልኬ ያው የድሮው ነው። ማታ ማታ ቤት ነኝ። በቪዲዮ ከደወልክ ሽሮን ወደ ጓዳ አዞርልሃለሁ።