ለአባባ፣ ከዱላው ጋር የተላከ

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? እኛ ሐዋሳ ደህና ነን። ልጆቹም እናታቸውም ሰላም ይሉዎታል። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ነፋሱ አላስቀምጥ አለን እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ሰው በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይሰጥዎታል። ዱላ ነው። ገና ሳይፈቱት «ከዘራ አለኝ እኮ» እንደሚሉ አውቃለሁ። አለዎት። ያ ከዘራ ግን የሰርግ፣ የለቅሶና የሽምግልና ነው። ክንድዎ ላይ አንጠልጥለውት ሲሄዱ ያምርብዎታል፣ እሱን አይተዉት። ጉልበትዎን ግን አላገዘውም። ረዝሞብዎታል፤ ሲደገፉበት አንድ ትከሻዎ ወደ ላይ ይነሳል። ጫፉ ደግሞ ብረት ነው። ባንክ ቤት ሴራሚኩ ላይ ሲያንሸራትትዎ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህኛው ለመንገድ የተሠራ ነው።

«ልኬን ከየት አመጣኸው?» ይሉኝ ይሆናል። ፋሲካ ላይ ኮት ላሰፋልዎ ነው ብዬ ሜትር ያወጣሁ ጊዜ ነው። ከእጅ አንጓ እስከ መሬት የሚለካ ኮት የለም። እርስዎም ተጠራጥረው ዝም ብለውኛል። የዱላ ልክ ግን እንደዚያ ነው የሚወሰደው። ሰውየው ጫማውን እንዳደረገ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እጁን ዘና አድርጎ ይለቀዋል፣ ከአንጓው እጥፋት እስከ ወለሉ ይለካል። በዚያ ልክ የተቆረጠ ዱላ ሲደገፉበት ክርን በትንሹ እጥፍ ይላል። ኮቱም ቢሆን ይመጣል፣ አልረሳሁትም።

እንጨቱ ወይራ ነው። ግቢያችን ውስጥ ያለው ዛፍ የመብራት ሽቦ ስለነካ አምና ቅርንጫፉ ሲቆረጥ፣ ቀጥ ያለውን መርጬ አስቀረሁ። እርጥቡን ወዲያው ቢሠሩበት ይሰነጠቃል። ውሃው በጫፎቹ በኩል ቶሎ ስለሚወጣ ጫፎቹ ከመሀሉ ቀድመው ይኮማተራሉ። ስለዚህ ሁለቱንም ጫፍ ቀለም ቀብቼ ጥላ ውስጥ አጋደምኩት። የሙያው ሰዎች ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 1 ዓመት ግድም ጠብቅ ይላሉ። ጠበቅኩ።

መሀሉ ላይ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነበር። ያቀናሁት ድሮ እርስዎ ባሳዩኝ መንገድ ነው። ፍሙ ላይ ሳይነድ እያገላበጡ ማሞቅ፣ ጉልበት ላይ አስደግፎ በተቃራኒው መጫን፣ ከዚያ እስኪቀዘቅዝ አለመልቀቅ። ለካስ ምክንያት አለው። እንጨት ሲሞቅ ቃጫዎቹን ያጣበቀው ነገር ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ በያዘው ቅርፅ ይጸናል። ቅርፊቱን ልጬዋለሁ፣ አንጓዎቹን ግን አልጠረብኳቸውም። እጅዎ ሲሄድበት ያገኟቸዋል።

እጀታው ላይ ብዙ አሰብኩ። አንድ ጓደኛዬ በስልኩ የፈረንጅ አገር ዱላ አሳየኝ። እጀታው ቅርንጫፍ ያለው የአጋዘን ቀንድ ነው። አማረኝ፣ አልዋሽዎትም። የእነሱ አጋዘን ቀንዱ አጥንት ነው፤ በየዓመቱ ወልቆ ይወድቅና ሌላ ይበቅላል። ሰው ጫካ ገብቶ የወደቀውን ለቅሞ ይሠራበታል፣ እንስሳው አይነካም። የእኛዎቹ እንዲህ አይደሉም። 10 ሳንቲም ላይ ያለው የባሌው ደጋ አጋዘንም ሆነ እዚህ ቅርባችን ሰንቀሌ ያለው ቆርኬ ቀንዱን አይጥልም። ቀንዱ የሚገኘው እንስሳው ሲሞት ነው። ያውም በሕግ የተከለከለ ነገር ነው። «እኔ በርካሽ አገኝልሃለሁ» ያለኝ ሰው አልጠፋም፣ ግን ምን በወጣኝ!

የበሬ ቀንድ ሞልቶ የለ? ከሥጋ ቤት አመጣሁ። ሥሩ በኩል ውስጡ አጥንት ነው፣ ያ እንዲወጣ ይቀቀላል። ሽታውን አልነግርዎትም። ባለቤቴ ድስቱንም እኔንም ከነምድጃው ወደ ጓሮ አስወጣችን። አጥንቱ ሲወጣ ቀንዱ ባዶ ይቀራል፣ ለእጀታ የሚሆነው ድፍን የሆነው ጫፉ ብቻ ነው። እሱን ሞርሳ ላይ አስሬ በሞረድ ሞረድኩት። ቀንድ ከጥፍርና ከጸጉር ጋር አንድ ዓይነት ነገር ስለሆነ ሲሞረድና ሲሞቅ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል። የጎረቤት ውሻ ከሥሬ አልነሳ አለ፣ አንዱን ቁራጭ ይዞብኝ ሄደ። ከዚያ ከሻካራው እስከ ልሙ በብርጭቆ ወረቀት፣ በመጨረሻም በጨርቅ ወለወልኩት። ጥቁር መስሎኝ ነበር። ፀሐይ ላይ ያዙትና ይዩት፣ ዳሩ እንደ ማር ያሳልፋል።

ዱላ የሚሰበረው እጀታው ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም በስቼ፣ ጥርስ ያለው የብረት ዘንግ ውስጥ ለውስጥ አስገብቼ በጠንካራ ኮላ አጣብቄዋለሁ። እኔ ሙሉ ክብደቴን ጥዬበት ሞክሬዋለሁ፣ እርስዎን አያሳስብዎትም። እንጨቱን የተልባ ዘይት ደጋግሜ በስሱ ቀብቼዋለሁ። ቅቤ እንዳይቀቡት አደራ፤ ቅቤ አይደርቅም፣ እጅ ላይ ያሙለጨልጫል።

አሁን ዋናው ነገር። የሚያምዎ ቀኝ ጉልበትዎ ነው፣ ዱላውን በግራ እጅ ይያዙ። አውቃለሁ፣ ግራ ይገባል። ሰው ሁሉ በሚያመው በኩል ነው የሚይዘው። እንደዚያ ከያዙት ግን ሰውነትዎ በታመመው እግር ላይ ይጋደማል። በግራ ሲይዙት ቀኝ እግርዎና ዱላው አብረው ወደ ፊት ይሄዳሉ፣ ክብደቱን ይካፈሉታል። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም። ሲወርዱ ዱላውና የሚያምዎ እግር ይቅደሙ። መጀመሪያ በረንዳው ላይ ይለማመዱት፣ ከዚያ ኮብልስቶኑ ላይ።

«ሽማግሌ ሆንኩ ማለት ነው?» ካሉ ደግሞ፣ ሰፈሩን ሁሉ ሲያስታርቁ የኖሩት ሽማግሌ ተብለው አይደል እንዴ?

ረዘመ ካሉ ራስዎ እንዳይቆርጡት። ደውሉልኝና እኔ መጥቼ አስተካክለዋለሁ። ጫፉ ላይ ያለው ጎማ መስመሩ ከጠፋ መንሸራተት ይጀምራል፣ ወዲያው ይቀየር። ትርፍ ጎማ ጨርቁ ውስጥ አለ። ከመነጽርዎ ጋር መሳቢያው ውስጥ ያድርጉት፣ ሌላ ቦታ ካስቀመጡት አያገኙትም።

እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ፣ ከሐዋሳ