ስለ አክሊሉ ሀብተወልድ ልጄ የጠየቀችኝ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሰሞን ልጄን ይዤ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሄጄ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የተረሸኑት ባለሥልጣናት መቃብር ጋ ስንደርስ፣ “አክሊሉ ሀብተወልድ ከመገደላቸው በፊት ምን ሠሩ?” አለችኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። አሟሟታቸውን ታውቃለች፤ ሥራቸውን የነገራት ሰው የለም። በጣም ነው ያዘንኩት።

አክሊሉ የቤተ ክህነት ሰው ልጅ ናቸው። እስክንድርያ፣ ከዚያም ፓሪስ ተማሩ። በ1937 ዓ.ም. ሳንፍራንሲስኮ ላይ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ስለ ኢትዮጵያ ከፈረሙት አንዱ እሳቸው ናቸው። በዓመቱ ደግሞ ፓሪስ የሰላም ጉባኤ ላይ ጣሊያን ያደረሰብንን በደል ይዘው ተሟገቱ። እስቲ አስቡት። ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰው፣ ከወረራ ከተላቀቀች ብዙም ያልቆየች ድሃ አገር ወክለው፣ ኃያላኑ ፊት ቆመው ይከራከራሉ! በጠቅላይ ሚኒስትርነት ከ1953 እስከ 1966 ዓ.ም. ቆዩ። በ1955 የአፍሪካ መሪዎች አፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው አንድነት ድርጅትን ሲመሠርቱ የአገራችን ጠቅላይ ሚኒስትር እሳቸው ነበሩ።

ጥፋት የለባቸውም አልልም። የሚመሩት መንግሥት የወሎን ረሃብ ሸሽጓል። የመሬቱንም ጥያቄ ሳይመልስ ቀርቷል። ለዚህ ችሎት ቆመው መጠየቅ ነበረባቸው። ግን ማን ፈረደባቸው? ቅዳሜ ህዳር 14 ሌሊት፣ ያለ ፍርድ፣ ከወንድማቸው ከአካለወርቅና በሥልጣን ከተኳቸው ከእንዳልካቸው መኮንን ጋር ተረሸኑ። ሌላው ወንድማቸው መኮንን በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ገነተ ልዑል ውስጥ ተገድለዋል። ከአንድ ቤት ሦስት ወንድማማቾች።

እናቴ ያደገችው ሜክሲኮ አካባቢ፣ እነሱ ከተረሸኑበት ከከርቸሌ እስር ቤት አጠገብ ነው። እሑድ ጠዋት ሬዲዮው ስም ሲጠራ አያቴ የቡና ሲኒውን አስቀምጦ እንደተነሳ፣ ቀኑን ሙሉም ቃል እንዳልተነፈሰ ትነግረናለች። ያ እስር ቤት ፈርሷል። ዛሬ ቦታው ላይ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። በየቀኑ በታክሲ እናልፈዋለን።

ልመናዬ አንድ ነው። በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት፣ ሹፌር፣ ተላላኪ የነበሩ ሰዎች ዛሬ በሕይወት ካሉ ሸምግለዋል። እባካችሁ ዓምድ ክፈቱላቸው። ሰውየው ጠዋት ስንት ሰዓት ይገቡ እንደነበር፣ ሲቆጡ ምን እንደሚሉ፣ ደብዳቤ እንዴት እንደሚያርሙ ይንገሩን። ሳያልፉብን፣ አሁኑኑ። እናቴም ስለዚያች እሑድ ጠዋት የምታውቀውን ልትነግራችሁ ፈቃደኛ ናት።

አንባቢያችሁ፣ ከካዛንቺስ