ጀሶ የተደረገለት ልጅ ሲያለቅስ መጀመሪያ እናቱን ጠይቁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጤና ገጻችሁ ስለ ልጆች የአጥንት ስብራት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው። አጥንት እንዴት እንደሚሰበር፣ ሐኪሙ እንዴት ወደ ቦታው እንደሚመልሰው፣ ጀሶ ለምን እንደሚደረግ በደንብ አስረድታችኋል። ግን ጽሑፉ ጀሶው እንደተደረገ አለቀ። የኔ ሥራ የሚጀምረው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። የሕፃናት አጥንት ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ፤ 22 ዓመት ሠርቻለሁ። ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ከወጣ በኋላ ስላሉት ሰዓታት የምለው አለኝ።

ሥራ በጀመርኩ በ2ኛው ዓመት የሆነውን ልንገራችሁ። የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። አንድ የ6 ዓመት ልጅ ወድቆ ከክርኑ ከፍ ብሎ ያለው አጥንት ተሰብሯል። ልጆች ክርናቸው አካባቢ ሲሰበሩ በብዛት የሚያጋጥመው ይኼ ዓይነቱ ስብራት ነው። ቀን ላይ አጥንቱ ተመልሶ ጀሶ ተደርጎለታል። እኔ ስረከበው ተኝቶ ነበር።

እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ልጁ ማልቀስ ጀመረ። የማስታገሻ መድኃኒቱ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ሰጠሁት። ትንሽ ቆይታ እናቱ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። «ሲስተር፣ ልቅሶው ተለውጧል» አለችኝ። «ስብራት እኮ ነው እናቴ፣ ያማል። መድኃኒቱ አሁን ይይዝለታል» አልኳት። ሄጄ ጣቶቹን ነካሁ፤ ሞቃት ናቸው። ጥፍሩን ጫን አድርጌ ለቀቅኩት፤ ቀለሙ ቶሎ ተመለሰ። ደም እየደረሰ ነው ብዬ ካርዱ ላይ «ደህና» ብዬ ጻፍኩ።

ሁለተኛ መጣች። «የኔ ልጅ እንዲህ አያለቅስም» አለች። ተረኛ ሐኪሙን አስፈቅጄ ተጨማሪ ማስታገሻ ሰጠሁት። ሦስተኛ ስትመጣ ልጁ ድምፅ አውጥቶ ማልቀሱን ትቶ ነበር። ጭንቅላቱን ትራሱ ላይ ወዲያና ወዲህ ያመላልሳል። እናቱ ስትነካው ይገፋታል። እኔ ደክሞት ነው አልኩ።

በዚያ ሰዓት ከጎረቤት ክፍል አንዲት አንጋፋ ነርስ ዕቃ ልትዋስ ገባች። ልጁን አየችው። ጣቶቹን ከመንካቷ በፊት እናቱን ጠየቀቻት። «መቼ ጀመረው? ከቅድሙ ይሻላል ወይስ ብሷል?» እናትየዋ ሁሉንም ነገረቻት። ከዚያ አንዷን ጣቱን ይዛ ቀስ ብላ አቃናቻት። ልጁ የጮኸው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «ተረኛውን ጥሪ። አሁኑኑ!» አለችኝ። ጀሶው ከላይ እስከ ታች፣ ከሥሩ ካለው ጥጥ ጋር ተከፈተ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጁ ኦፕራሲዮን ክፍል ነበር።

የሆነው ይኼ ነው። የክንድ ጡንቻዎች በቡድን በቡድን ሆነው ጠንካራ ሽፋን ይጠቀልላቸዋል። ሽፋኑ አይለጠጥም። ስብራቱ ሲደማና ሲያብጥ ግፊቱ መውጫ ያጣል። ጀሶው ደግሞ ከላይ አጥብቆ ይይዘዋል። መጀመሪያ የሚዘጉት ትንንሾቹ የደም ሥሮች ናቸው፤ ጡንቻውን የሚመግቡትም እነሱ ናቸው። ትልቁ የደም ሥር ግን ግፊቱን ተቋቁሞ ረጅም ሰዓት ይፈሳል። ስለዚህ ጣቱ ሞቃት፣ የልብ ምቱም እጅ አንጓው ላይ የሚዳሰስ ሆኖ ውስጥ ያለው ጡንቻ እየሞተ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ኮምፓርትመንት ሲንድሮም ይሉታል። ደም ያጣ ጡንቻ 6 ሰዓት አካባቢ ሲሞላው የማይመለስ ጉዳት ይጀምረዋል። ዘግይቶ የተደረሰለት እጅ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ይደርቃሉ። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን ይህን የደረቀ እጅ እ.ኤ.አ. በ1881 ገልጾ ጽፎታል። ከዚያ ወዲህ የመጣን ባለሙያዎች አናውቅም ነበር ማለት አንችልም።

እኔም ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ መልሼዋለሁ። ግን የተማርኩት ምልክት የአዋቂ ነበር፦ መደንዘዝ፣ መገርጣት፣ አንጓ ላይ የልብ ምት መጥፋት። እነዚህ ሲመጡ ብዙውን ጊዜ ረፍዷል። ልጅ «እጄ ደነዘዘኝ» ብሎ አይነግርህም። ልጅ ይቅበጠበጣል፣ ይፈራል፣ ማስታገሻ ተሰጥቶት ጭራሽ ሌላ ይፈልጋል። ሦስቱም ፊቴ ነበሩ። ሦስቱንም እናቱ በየተራ መጥታ ነግራኛለች።

የልጁ እጅ ተረፈ። ከወራት በኋላ ለክትትል ሲመጣ እርሳስ ይዞ ሲጽፍ አይቼዋለሁ። ያ ዕቃ የመዋስ ነገር ባይኖር ኖሮ ግን ምን ይሆን ነበር እያልኩ ዛሬም አስባለሁ።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አንድ ነገር አደርጋለሁ። ካርዱ ላይ ለሙቀት፣ ለልብ ምት፣ ለአተነፋፈስ ቦታ አለ። እናት ላለችው ግን ቦታ የለም። እኔ ከታች በራሴ እጅ እጽፈዋለሁ፤ ቃሏን ሳልቀይር፣ ከነሰዓቱ። «ልቅሶው ተለውጧል አለች፣ 5:40»። የተጻፈ ነገር ርክክብ ላይ ይነበባል። የሚቀጥለው ተረኛ ሁለተኛ ሲሰማው ሁለተኛ መሆኑን ያውቃል። የኔ ስህተት ያ ነበር፤ ሦስቱን ጊዜ ሦስት የተለያየ ነገር አድርጌ ሰማሁት።

የሥራ ባልደረቦቼ «እናት ሁሉ ይጨነቃል» ይሉኛል። አንድ ነርስ ለአንድ ሙሉ ክፍል ስትመደብ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ኖሬበታለሁ። ግን «ከቅድሙ ይሻላል ወይስ ብሷል?» ብሎ ለመጠየቅ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ስብራት ተመልሶ ጀሶ ከተደረገ በኋላ ሕመም ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት። ከጨመረ ምክንያት አለው። ያ ምክንያት እስኪገኝ «ስብራት ያማል» የሚለውን ቃል ከአፋችን ባናወጣው ደስ ይለኛል። ነገሩ ከተጠረጠረ ደግሞ እጁን ወይም እግሩን በትራስ ከፍ ማድረግ አይረዳም፤ ደሙን ይበልጥ ያሳንሰዋል። ከልብ እኩል አድርጎ ይዞ ሐኪም መጥራት ነው። በደህናው ጊዜ ግን፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት፣ ከፍ ማድረግ እብጠትን ስለሚቀንስ ጥሩ ነው። ይኼን ልዩነት ለወላጅ የሚነግር ሰው ብዙ አላይም።

ወደ ቤት ስለመላክ ላምጣው። ብዙ ቦታ እንዲህ ነው የሚሆነው። እናት ቦርሳዋን እየሸከፈች፣ ልጁን በአንድ እጇ ይዛ፣ ወረቀት ይሰጣታል። «እርጥበት እንዳይነካው» ይባላል። አለቀ። እኔ ወረቀቱን የምሰጠው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ በእጇ አሠራታለሁ። የጣቶቹን ሙቀት ከሌላኛው እጅ ጋር እንድታነጻጽር፣ ጥፍሩን ተጭና እንድትለቅ፣ ጣቶቹን እያቃናች ፊቱን እንድታይ። ጀሶው ገና እርጥብ ከሆነ በመዳፏ እንድትይዘው አሳያታለሁ። በጣት ጫፍ ከተያዘ ይሰረጉዳል፤ ስርጉዱ ውስጥ ቆዳውን ተጭኖ ያቆስላል። የድሮው ነጩ ጀሶ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ 2 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ፋይበርግላሱ ግን ሰዓት ሳይሞላው ይጠነክራል።

ማሳከክ ለልጅ ከሕመሙ ይብስበታል። ያኔ እስክሪብቶ፣ ማንኪያ፣ ያገኙትን ሁሉ ያስገባሉ። ውስጡ ቆዳ ከተጫረ ማንም አያየውም። የሚታወቀው ሲሸት ነው። አንዴ አንዲት የ4 ዓመት ልጅ እናት ደውላ «ሲስተር፣ የቆሻሻ ሳይሆን ሌላ ሽታ አለው» አለችኝ። ልጅቷ ከደረቷ ሥር እስከ እግሯ ጀሶ ተደርጎላት ነበር፤ ስፓይካ የሚባለው። ዳይፐር ስላለ ሽታው ከእሱ ነው ማለት በጣም ቀላል ነበር። ዛሬውኑ አምጪያት አልኳት። ጀሶው በመስኮት መልክ ሲቆረጥ ከሥሩ የመጫወቻ መኪና ትንሽ ጎማ ወጣች። ቆዳው ቆስሎ መመርቀዝ ጀምሮ ነበር። ጥቂት ቀን ብትዘገይ ኖሮ ቁስሉ በጣም ይከፋ ነበር።

ስለ ስፓይካ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሁሌም የማየው ስህተት ነው። በሁለቱ እግሮች መሃል የተገጠመው ዘንግ መያዣ አይደለም። ልጁን በሱ ማንሳትና ማገላበጥ ጀሶውን ይሰብረዋል። አንድ እጅ ከትከሻ፣ አንድ እጅ ከመቀመጫ ሥር ነው። በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ነው። ጀሶው ሆድን ስለሚይዝ ምግቡ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይሁን።

እግሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ ስለተወለደ ሕፃንም ብጽፍ ገጹ አይበቃኝም። በዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ መንገድ እግሩ በየሳምንቱ ቀስ እያለ እየተቃና ጀሶ ይቀየርለታል፤ ብዙዎቹ በጥቂት ሳምንታት ያምርላቸዋል። ሰዉ ሁሉ የሚያጨበጭበው ለዚያ ነው። ከባዱ ግን ከዚያ በኋላ ነው። በዘንግ የተያያዘውን ጫማ ለ3 ወር ያህል በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ እስከ 4 ወይም 5 ዓመቱ ደግሞ በእንቅልፍ ሰዓት ማድረግ አለበት። እግሩ ተመልሶ የሚታጠፍበት ዋናው ምክንያት ጫማው መተዉ ነው።

ጫማውን ያወለቀችን እናት ስንቴ ሲቆጧት ሰምቻለሁ። አንዷን ቁጭ አድርጌ ጠየቅኳት። «ሌሊት ሲያለቅስ አላስችል አለኝ» አለች። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች እንደሚያለቅስ፣ ከዚያ እንደሚለምደው ማንም አልነገራትም። ጫማውን ሳያወልቁ ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ በቀስታ ማጠፍና መዘርጋት እንደሚያለማምደው ማንም አላሳያትም። ተረከዙ ላይ መቅላት ካየች ግን ያ የመልመድ ልቅሶ ስላልሆነ ወዲያው መምጣት እንዳለባት አልሰማችም። ልቅሶን ከልቅሶ መለየት እናት ትችላለች። ምን ምን እንደሚመስል ከነገርናት ማለቴ ነው።

ሌላም አለ። ጉልበቱን አመመኝ የሚል፣ የሚያነክስ የ12 ዓመት ልጅ ጉልበቱ ፎቶ ተነስቶ «ምንም የለውም» ተብሎ ሲመለስ አይቻለሁ። እናቱ ግን «አረማመዱ ልክ አይደለም» ብላ እንደገና ይዛው መጣች። ችግሩ ዳሌው ላይ ነበር፤ የጭኑ አጥንት ራስ ከቦታው እየተንሸራተተ ነበር። የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይ ሊሰማ ይችላል። ልጅ ጉልበቴን ሲል ዳሌውንም ማየት ነው።

አዘጋጆቹን የምጠይቀው ይኼን ነው። በሚቀጥለው ስለ ልጆች አጥንት ስትጽፉ ጀሶው ከተደረገበት ደቂቃ ጀምሩ። ሐኪሙን ብቻ ሳይሆን ሌሊቱን ያሳለፈችውን እናት፣ አባት፣ አያት አነጋግሩ። ይህን የሚያነቡ የክፍል ኃላፊዎች ካሉ ደግሞ ልመናዬ አጭር ነው፦ ካርዱ ላይ አንድ መስመር ጨምሩልን፤ «አስታማሚ ያለው» የሚል። እስከዚያው እኔ ከታች በእጄ እጽፋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት የሕፃናት ነርስ
(ስሜ እንዳይወጣ እጠይቃለሁ፤ የልጁ ቤተሰብ እንዳይታወቅ ነው)