«እሰይ!» ያለችውም «ኧረ!» ያለችውም እናቴ ናት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ በኪነ ጥበብ ገጻችሁ የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ቡና ሳይፈላ፣ አንዴ ከሁለተኛው ስኒ በኋላ። ሁለቱንም ጊዜ ተናደድኩ። ጸሐፊው በሐዲስ ዓለማየሁ ላይ ያቀረበው ክስ ባጭሩ ይኼ ነው፦ ሰውየው በመጽሐፋቸው ባላባቱን አብጠለጠሉ፣ በኑሯቸው ግን የንጉሡን እንጀራ በሉ፤ ስለዚህ ከራሳቸው ጋር የሚጋጩ ደራሲ ናቸው። እውነት ነው፣ ይጋጫሉ። ታዲያ ጽሑፉ መጀመር ያለበት ከዚህ ነበር፤ እሱ ግን እዚህ ደርሶ ነጥቡን አስቀምጦ ሄደ።

ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም የተወለዱ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ናቸው። ጣሊያን ሲወርር ዘመቱ፤ ተማርከውም ጣሊያን አገር ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ዲፕሎማት፣ አምባሳደር፣ ሚኒስትር ሆኑ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ንጉሡ ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ በገዛ ገበሬዎቻቸው ተማርከው የሚዋረዱት እንግዲህ በዚህ መጽሐፍ ነው። ጉዱ ካሣ በባላባቶቹ ላይ ያንን ሁሉ የሚናገረውም እዚሁ ነው። ጉዱ ካሣ ደግሞ ከጭሰኛ ቤት የወጣ ሰው መሰላችሁ? የመኳንንት ዘመድ ነው። አገሬው «ጉዱ» ያለውም ከወገኖቹ ተለይቶ በወገኖቹ ላይ ስለሚናገር ነው።

የፊታውራሪውን ልጅ ሰብለ ወንጌልን አስቡ። ለዘሯ የሚመጥን ባል እየተባለ፣ ይኼኛው አነሰ ያኛው አነሰ ሲባል፣ የልጅቱ ዕድሜ ቤት ውስጥ ሄደ። አባቷ ልጃቸውን ይወዳሉ። የሚወዷትን ልጅ ግን በክብራቸው ቆለፉባት። ይኼንን ከሩቅ ሆኖ በባላባት ላይ የሚጮኽ ሰው የሚጽፈው አይመስለኝም። ጨካኝ ባላባት መጻፍ ቀላል ነው። ልጁን የሚወድ ባላባት ለመጻፍ ግን ማዕዱ ላይ ተቀምጦ ማየት ያስፈልጋል።

ስለ እናቴ ልንገራችሁ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። በደርግ ጊዜ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ነው ያወቀችው። የእኛ ሬዲዮ ዳንቴል ለብሶ ቁም ሳጥን ላይ ይቀመጥ ነበር። አባቴ ድንጋዩ እንዳያልቅ ብሎ ለዜና ብቻ ነው የሚከፍተው። ለወጋየሁ ሲሆን ግን ድንጋይ የሚቆጥብ አልነበረም። ጎረቤት ሳይቀር በርጩማውን ይዞ ይመጣል።

አያቴ፣ ማለት የእናቴ አባት፣ ማር ጎደለ ተብለው ባላባት ደጅ በሰው ፊት የተዋረዱ ሰው ናቸው። እናቴ ይኼን ስታወራ ዓይኗ ይቀላ ነበር። እናም ገበሬዎቹ ፊታውራሪ መሸሻን የማረኩ ለት ጭኗን በእጇ መታ አድርጋ «እሰይ! የእጁን አገኘ!» አለች። ትረካው ቀጠለ። የሰውየው ውርደት እየባሰ ሲሄድ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። «ኧረ! ምነው እሳቸውን ያህል ሰው...» ልብ በሉልኝ፤ አሁን «የእጁን» ያለችው ሴት «እሳቸው» አለች። አባቴ ሳቀባት። «አንቺ ሴትዮ፣ ለመሆኑ ከማን ጋር ነሽ?»

«ዝም በል እስቲ፣ ልስማበት» አለችው።

ያን ጊዜ እኔም ከአባቴ ጋር ስቄያለሁ። አድጌ አስተማሪ ስሆንም ያው ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት አማርኛ ሳስተምር ከሠራኋቸው ጥፋቶች አንዱ ዛሬም ይቆጨኛል። «ዝምታ ወርቅ ነው» በሚል ርዕስ ድርሰት አዘዝኩ። አንዲት ልጅ በመጀመሪያው ገጽ ዝምታን አሞግሳ፣ ገጹን ስትገለብጥ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብላ አፈራረሰችው። በቀይ እስክሪብቶ «ሐሳብሽ ይጋጫል» ብዬ ጻፍኩና ከአሥር አራት ሰጠኋት። ደብተሯን ስትቀበል «ቲቸር፣ ሁለቱም እኮ ተረታችን ነው» አለችኝ። ቁጭ በይ አልኳት።

የተጋጨው አማርኛው ነበር፤ አራቱን ያገኘችው እሷ ነች። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያለው ሕዝብ «በሕግ አምላክ» ሲሉት እንኳን ሰው ውሃም ይቆማል ብሏል። ሁለቱም አንድ አፍ ላይ አድረዋል። አንደኛው ያየውን ነው፣ ሌላው የተመኘውን። በሰምና ወርቃችን ስንኮራ ደግሞ ማንም አይቀድመን! በአንድ ቃል ሁለት ነገር መናገር ለባለ ቅኔው ሲሆን ጥበብ ነው፣ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሲሆን ስህተት።

ባለፈው ወር ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ነበር። ሟቹ ረጅም ዘመን ቁልፍ የያዙ፣ ንብረት ክፍል የሠሩ ሰው ናቸው። ድንኳኑ ውስጥ ሁሉም አንድ ቃል ነው፤ እጃቸው ንጹሕ ነበር፣ የመንግሥት ሚስማር እንኳን ቤታቸው አልገባም። ንፍሮው ዞረ። ከአጠገቤ የተቀመጡት ሁለት ጎልማሶች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ታዲያ ለልጆቹ ምን ተዉላቸው? በቀበሌ ቤት እኮ ነው የሞቱት።» ሌላው ራሱን ነቀነቀ። «ምን ይደረግ፣ ሲሾም ያልበላ...» አለና ዘመድ ሲቀርብ ዋጥ አደረገው። ይኼው ሰውዬ ለመሬት ጉዳይ እጅ መንሻ ተጠይቆ ሲማረር ደግሞ በሌላ ቀን ሰምቼዋለሁ። ግብዝ ነው? እንጃ። ለልጆቹ ማሰቡም ሌባ መጥላቱም ከልቡ መሰለኝ። በልብ ወለድ ባገኘው «ባሕሪው ይጋጫል» ብዬ አራት የምሰጠው ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ንፍሮ ይበላል።

ሁሉም መጋጨት እኩል ነው እያልኩ እንዳልሆነ ግን ይያዝልኝ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት ልብ ወለድ የአማርኛ የመጀመሪያው ነው ይባላል። በምርኮና በባርነት የተበተነ ቤተሰብ ታሪክ ነው። አማርኛው እስከ ዛሬ ይጣፍጣል። እኚሁ ሰው ፋሺስት ጣሊያን አገሩን ሲይዝ ለወራሪው አገለገሉ፤ ከነፃነት በኋላ ጅማ ተግዘው እዚያው ሞቱ። እዚህ ጋ አንጀቴ አይራራም። ሐዲስ የነቀፉት ያበላቸውን ቤት ነው፤ ቢከፋ ራሳቸው ይጎዱ ነበር። የአፈወርቅን ዕዳ የከፈለው ሌላ ሰው ነው። ቢሆንም መጽሐፋቸው ከተማሪ እጅ ይውጣ አልልም። ተማሪው ውብ አማርኛውንም ጅማንም አብሮ ይወቅ። ከብዶት ቢጠይቅ ደግሞ እንደ እኔ «ቁጭ በል» የሚለው አስተማሪ አይግጠመው።

ጸሐፊያችሁ ወጣት ይመስለኛል፤ ብዕሩ ጥሩ ነው። የሚቀጥለውን ሲጽፍ ሰብለ ወንጌል ቤት ተመልሶ ይግባና ፊታውራሪው ለምን እንደሚያሳዝኑ ይንገረን። እናቴ ብትኖር እሷም ትሰማው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በዚያው እትም ገጽ 3 ላይ ርዕሰ አንቀጻችሁ ለሠርግ የሚወጣውን ገንዘብ በብርቱ ይነቅፋል። ጥሩ ነው፣ ልክ ልካችንን ነግራችሁናል። ገጽ 14 ላይ ደግሞ ሙሉ ገጽ በከለር የሠርግ አዳራሽ ማስታወቂያ አለ፤ ሙሽሪት ከሊሞዚን ስትወርድ። ማስታወቂያው ይነሳ ማለቴ አይደለም። እሱ ባይኖር ጋዜጣችሁን በዚህ ዋጋ የሚሸጥልኝ የለም፤ የጡረታ ደሞዜን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር
አዲስ አበባ